ሉባባ እናቴን የወሰደችበት ክረምት

የሉባባን ሞት የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። የነገሩኝ ጋሽ ተስፋዬ ናቸው፤ ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት አብረን የኖርን የድሮ ጎረቤታችን። ሲደውሉልኝ ቢሮ ነበርኩ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ ፋይል እንዳቀፍኩ ስልኩን በትከሻዬ ያዝኩት።

«መሠረት፣ ሉባባን አጣናት እኮ» አሉኝ።

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት። ደም ግፊት ነበረባት ለካ፤ ለማንም አልነገረችም። ያው የእነሱ ቀብር አያድርም፣ ከቀትር በኋላ ሸኘናት። የግቢው ሰው አንድ አልቀረም።»

አንድ አልቀረም። እኔና እናቴ ግን ቀርተናል።

ያሰብኩት ገባቸው መሰለኝ ቶሎ ብለው፣ «እናትሽ በስልክ ሰምተው እንዳይደነግጡ ብለን ነው። አንቺው ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው» አሉ።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። «ብዙ ሰው ወጣ?» ብዬ ነው የጠየቅኳቸው።

«ኧረ ምን ትያለሽ! ሰው እንደ ጉድ ነው የወጣው። ሥራ የገባው ሁሉ አስፈቅዶ መጣ።»

ፋይሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና እኔ ስሞት ማን ማን እንደሚያስፈቅድ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ከአራት አላለፍኩም። ሰው በቀብሩ ይቀናበታል? እኔ ቀናሁባት። በሕይወት ሳለችም እንዲሁ ነበርኩ።

ግቢያችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የነበረ የቀበሌ ግቢ ነው፤ ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። የሉባባ ቤት ከእኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አንድ ክፍል ናት፤ ብቻዋን ትኖርባት ነበር። አግብታ ፈታለች፣ ልጅ የላትም። እናቷ የሞተችባት ጡት ሳትተው ስለሆነ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ሙኒራ ናት ይባላል። ከሰፈራችን ሽቅብ ካለው ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ነበር የምትውለው። እጇ በበረኪና ተላልጦ ጣቶቿ ሁልጊዜ ከፊቷ ያረጁ ነበሩ።

እነዚያ እጆች አያርፉም። ያገኘችውን ነገር ታጥፋለች። ስታወራሽ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ፌስታል አንስታ በአራት ታጥፈዋለች፤ የሰው ነጠላ ታጥፋለች፤ ጋሽ ተስፋዬ አንብበው የጣሉትን ጋዜጣ ታጥፋለች። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ልሄድ ስወጣ ቧንቧው ጋ ካገኘችኝ ደግሞ የሸሚዜን ኮሌታ ሳታስተካክል አትለቀኝም። «መሲዬ፣ ሰው የሚያየው አንገትሽን ነው» ትለኛለች። አርባ ዓመት የሞላኝን ሴት! እሷ ከእኔ በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። ግቢው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን አስፋልቱ ጋ ስደርስ ያስተካከለችውን ኮሌታ መልሼ አበላሸው ነበር።

ደግሞ አባባል አታጣም። የሚታወቅ ተረት አይደለም፤ ራሷ ናት የምትፈጥረው። ሰው ችግሩን ሊያወራላት ሲቀመጥ «ችግር ሲመጣ ወንበር አታቅርቡለት፣ ቆሞ ይሂድ!» ትላለች። ሰው ደግሞ አባባሏን ይዞ ይዞራል። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ያንኑ ስናገር ራሴን ያዝኩት፤ አናደደኝ።

እናቴ እትዬ ስመኝ የሳንባ ሕመምተኛ ናት። በወጣትነቷ ሰው ቤት በእንጨት ጭስ ስታበስል የኖረች ናት፤ ሐኪሞቹ ከዚያ ነው ይላሉ። ቀኑን በሙሉ ባይሆንም በየዕለቱ ለረጅም ሰዓት ኦክስጅን ያስፈልጋታል። ማሽኑ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ እንደ ትንሽ ፍሪጅ ያጉረመርማል፤ በመብራት ነው የሚሠራው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሁለታችን ብቻ ነን። ገላዋን የማጥባት፣ መድኃኒቷን የማውቅ፣ አተነፋፈሷን ከሌላው ክፍል ሆኜ የምሰማ እኔ ነኝ። አላገባሁም። አልቆጭም። ግን አንድ ነገር የእኔ ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እናቴ።

ከሦስት ክረምት በፊት ነው፤ የፍልሰታ ጾም ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከነፋስ ጋር ወረደ። እንዲህ ያለ ነፋስ አይቼ አላውቅም። የጎረቤት ቆርቆሮ ተገንጥሎ በግቢያችን ላይ ሲበር አየሁ። ቀጥሎ ከበስተጀርባ ያለው ትልቁ ባሕር ዛፍ ተገንድሶ የመብራት ምሰሶውን ይዞ ወደቀ። ትራንስፎርመሩ ሰማያዊ ብልጭታ አውጥቶ ሲፈነዳ ቤቱ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ማሽኑ ዝም አለ።

እናቴ አየችኝ። እኔም አየኋት። ለክፉ ቀን የምናስቀምጣት አንዲት የኦክስጅን ሲሊንደር ነበረችን፤ እሷን ከፈትኩላትና ስልኬን ይዤ ወደ አንዱ ሆስፒታል፣ ወደ ሌላው እደውል ጀመር። ለማስተኛት የሚያበቃ አይደለም አሉኝ፤ አልጋም የለም። መብራት ዛሬ ማታ ይመጣል ብለን ተኛን። አልመጣም። ጠዋት የመብራት ሠራተኞች መጥተው የተቃጠለውን አይተው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። የሲሊንደሯ መርፌ ወደ ቀዩ እየወረደች ነበር።

«ቤቶች!» አለች ሉባባ። ሳታንኳኳ ነው የምትገባው። «እማዬን አልብሻቸው። ሥራ ይዣቸው እሄዳለሁ።»

«የት?»

«ሆቴሉ ጄኔሬተር አለው። ካውያ ክፍሉ ሙቀት ነው፤ አግዳሚ አለ፤ ሶኬት ሞልቷል። ጋሽ ተስፋዬ ላዳቸውን እያስነሱ ነው።»

«አስፈቅደሻል?»

«አንቺ ደግሞ! እስካስፈቅድ ድረስ በምን ይተንፍሱ?»

ጋሽ ተስፋዬ ጡረታ የወጡ የላዳ ታክሲ ሾፌር ናቸው። ማሽኑን ከኋላ ጭነው፣ እናቴን ከፊት አስቀምጠው በሆቴሉ የጓሮ በር አስገቧት። የላውንደሪው ሱፐርቫይዘር፣ አንድ ደግ ሽማግሌ፣ እንዳላየ ሆኖ ዞረ። እሑድ ስለነበር እኔም አብሬ ሄጄ ማሽኑ ሲነሳ ሰማሁ። የእናቴ ከንፈር ቀለሙ ሲመለስ አየሁ። ማመስገን ነበረብኝ። አመሰገንኩም። ግን ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የእኔ ቢሮ ቂርቆስ ነው፤ መብራት አልጠፋበትም ነበር። እናቴን ወደዚያ ልውሰድ ብዬ አለቃዬን መጠየቅ ለአፍታ እንኳ አልታየኝም። ሉባባ ግን ጠየቀችም አልጠየቀችም ወሰደቻት።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ጠዋት ጋሽ ተስፋዬና ሉባባ ይወስዷታል፣ ማታ ይመልሷታል። ቀን ላይ ጋሽ ተስፋዬ ሲሊንደሩን አስሞልተው ያመጣሉ፣ ሌሊቱን በእሷ ታልፋለች። ግቢውም እንደ አንድ ቤት ሆነ። ሐሳቡን ያመጣችው ማን ናት? ሉባባ። «ሁሉም ለየብቻው ከሰል ከሚጨርስ በአንድ ድስት እናብስል። ደግሞ ጾም ነው፤ ሥጋ የለበት፣ የክርስቲያን የእስላም የለበት። በቃ፣ አለቀ!» አለች። ቧንቧው አጠገብ ትልቅ ብረት ድስት ተጣደ። አንዱ ድንች ይልጣል፣ አንዱ ምስር ይለቅማል። ከሥራ ስትመለስ የሰዉን ስልክ ሁሉ በሆቴሉ ሶኬት ሞልታ በፌስታል ይዛ ትመጣለች። የማን የማን እንደሆነ በቃሏ ታውቃለች። ሰዉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። እኔንም በዚያ ሳምንት ሰው ሰላም የሚለኝ «ሉባባ መጣች?» ለማለት ነበር።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት እናቴን ላያት በእግሬ ወደ ሆቴሉ ወጣሁ። የጓሮውን በር ገፋ አድርጌ ገና በኮሪደሩ ሳልፍ ሳቅ ሰማሁ። የእናቴ ሳቅ ነው። ቆምኩ። እናቴ የምትስቅ ሴት አይደለችም፤ ትንፋሿም አይፈቅድላትም። በበሩ ክፍተት አየኋት። ቱቦው አፍንጫዋ ላይ እንዳለ ከአግዳሚው ላይ ተቀምጣ የትራስ ልብስ ታጥፋለች። ሉባባ ካውያውን አቁማ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች።

«ሙቺ! አንቺ? በብስክሌት?»

«በብስክሌት! በሰዓት እየተከራየሁ። ከኦሎምፒያ ቁልቁል ለቀቅኩት። ፍሬኑ ለካ አይሠራም! የአንድ በግ ነጂ መንጋ መሀል ገባሁ። ይኸው ጉልበቴ» ብላ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጠባሳዋን አሳየቻት።

ያን ጠባሳ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት በሳሙና አጥቤዋለሁ። አንድ ጊዜ ስጠይቃት «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ብላኝ ነበር። ብስክሌት የሚባል ነገር ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

ሌላም የሰማሁት አለ። «አንቺ» አለቻት። የግቢው ሰው በሙሉ እናቴን እርስዎ ነው የሚላት። ሉባባም እስከዚያ ሳምንት እርስዎ ነበር የምትላት፤ «እማዬ ደህና አደሩ» ነበር የምትለው። በሦስት አራት ቀን ውስጥ እርስዎን ጥላ አንቺ ገባች። በዓለም ላይ እናቴን አንቺ የምላት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሳልገባ ተመለስኩ።

ማታ እናቴን ሳስተኛት «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» አልኳት። «ደህና። ደክሞኛል» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ብርድ ልብሱን ስጎትትላት «እንደሱ አይደለም፤ ሉባባ ከእግር በኩል አጥፋ ነው የምታለብሰኝ» አለችኝ። አጥፌ አለበስኳት። ሻማውን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። በግድግዳው ማዶ ሉባባ ስትሰግድ ድምጿ ይሰማኛል። እዚያ ተቀምጬ የቀናሁትን ያህል በሰውም በገንዘብም ቀንቼ አላውቅም።

በማግስቱ ያደረግኩትን ነው እስከ ዛሬ የተሸከምኩት።

ሆቴሉ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ሰብለ የምትባል አብራኝ የተማረች ልጅ ትሠራለች። በፊት ለፊቱ በር ገብቼ፣ ስሜን አስመዝግቤ፣ ቢሮዋ ተቀመጥኩ። ትንሽ ስለ ትምህርት ቤት አወራን። ከዚያ «ሰብልዬ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ» አልኳት። እናቴ ላውንደሪ ውስጥ እንደምትውል፣ ሉባባ የምትባል ሠራተኛቸው በጓሮ በር እንደምታስገባት፣ በደንቡ ቢፈቀድልን ደስ እንደሚለን ነገርኳት።

ሰብለ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ኦክስጅን? ካውያ ክፍል ውስጥ?»

«አዎ።»

«መሠረት፣ ይሄን ነገር ከሰማሁ ማስታወቅ አለብኝ፤ እሳት ቢነሳስ? ማለቴ... መብራቱ እስኪመጣ ነው አይደል? አልሰማሁም ልበልና ይለፍ?»

በሩን ከፍታልኝ ነበር። «እሺ፣ እንዳልሰማሽ ሁኚ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን «አይ፣ በደንቡ ይሁን። መደበቅ አልወድም» አልኳት።

ስወጣ ለራሴ ምን እንዳልኩ አስታውሳለሁ፤ ጥሩ አደረግሽ፣ ሰው ስለ እናትሽ ተሸማቆ መኖር የለበትም፣ ፈቃዱ ሲመጣ በአንቺ ስም ይመጣል። በእኔ ስም! የፈለግኩት ይህ ነበር፤ እናቴ በእኔ ስም እንድትተነፍስ።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ጋሽ ተስፋዬ ደወሉ። «ቶሎ ነይ» አሉ። ሮጥኩ። ላዳው ሆቴሉ ጓሮ ቆሟል። እናቴ ከፊት ተቀምጣ በአፏ አየር ትስባለች፤ ከንፈሯ ጠይም ሰማያዊ ሆኗል፤ በሲሊንደሩ የቀረችው ትንሽ ናት። ማሽኑ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ «ታዝዤ ነው እናቴ፣ ይቅርታ» ይላል።

በሩ ተከፈተና ሉባባ ወጣች። በእጇ ፌስታል ይዛለች፤ ነጠላ ጫማዋና ሽርጧ ውስጡ ይታያል። አስራ ሁለት ዓመት የሠራችበት ቤት ነው። እኔን አየችኝ። ከወትሮዋ ትንሽ ቆየት ብላ አየችኝ። የዚያን ቀን ኮሌታዬን አልነካችም።

«ምን አሉሽ?» አለች እናቴ እያለከለከች።

«ምንም። እረፍት ውጪ አሉኝ፤ ደስ አይልም?» አለችና ወደ ጋሽ ተስፋዬ ዞረች። «ሞተር ያስነሱ። ትናንት ማታ ከአስፋልቱ ማዶ መብራት መጥቷል። እዚያ እንሂድ።»

«ማን ጋ ነው የምንሄደው? የምናውቀው ሰው የለም» አልኩ።

እሷ ግን ማሽኑን አንስታ ከላዳው ኋላ ጫነች።

ከአስፋልቱ ማዶ በየበሩ አንኳኳች። አንደኛው ቤት ሰው የለም። አንዱ ሱቅ ቦታ የለኝም አለ። ሦስተኛው የሴቶች ፀጉር ቤት ነበር፤ መብራት ከመጣ ገና አንድ ሌሊት ስለሆነ በወረፋ ተሞልቷል። ሉባባ በሩ ላይ ቆማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «እህቴ፣ እናቴ ናት። መተንፈሻዋ በመብራት ነው። አንድ ሶኬት ብቻ ስጪኝ» አለች።

እናቴ ናት። ከኋላ ማሽኑን በአንድ ጎን ይዤ ቆሜ ሰማኋት። እናቴ ከንፈሯ እየጠቆረ፣ እኔው ባመጣሁት መዘዝ ትንፋሽ አጥሯት፣ ያን ጊዜም «የእኔ ናት እኮ» የሚል ነገር ውስጤ ተነሳ። ሰው ራሱን ሲጠላ ምን እንደሚመስል የዚያን ጊዜ አወቅኩ።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት የፀጉር ማድረቂያ ካስኩን ከሶኬት ነቅላ «አስገቢያት፣ ምን ትጠይቂኛለሽ!» አለች። ካስክ ውስጥ የነበረችው ደንበኛም እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ቦታዋን ለቀቀች። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ።

አምስት ቀን እዚያ ዋለች። ሉባባም አብራት ዋለች፤ የምትሄድበት ሥራ አልነበራትማ። ፀጉር ቤቱን ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታጥባለች፣ ታጥፋለች። የፀጉር ቤቱ ባለቤት የእናቴን ሽበት አጥባ ሹሩባ ሠራችላት። የግቢያችን ሴቶች ከድስቱ ምሳ እየቋጠሩ መንገድ ተሻግረው ያደርሱላቸዋል። በአስራ አንደኛው ቀን፣ ማክሰኞ ወደ ማታ ግድም፣ ሰፈሩ በአንዴ እልል አለ። መብራት መጣ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ሉባባን አቀፋት፤ ጋሽ ተስፋዬ ግንባሯን ሳሟት። እኔ ውስጥ ገብቼ የማሽኑን ገመድ ሰካሁ።

ሉባባን መልሶ የሚቀጥራት አልተገኘም። የሰው ቤት እየዞረች ልብስ ማጠብ ያዘች፤ በማሽን የለመደ እጅ በገበቴ ሲገባ እንዴት እንደሚሆን በዓይኔ አየሁ። ሳምንት ሳይሞላው ኮሌታዬን ማስተካከል ጀመረች፤ ያ ከስድብ የበለጠ አቃጠለኝ። ልነግራት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በመጀመሪያው ከበሯ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቧንቧው ጋ ብቻዋን አገኘኋትና «ሉባባ፣ ስለ ሆቴሉ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ። አንሶላ እየጠመዘዘች ነበር። ቀና ሳትል «መሲዬ፣ የደረቀ ልብስ አይጨመቅም» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። እኛ ገላን ደረሰን፣ እሷ አራብሳ ከእህቷ ጋር ገባች። ዓርብ ዓርብ ከስግደት በኋላ ትደውላለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለእናቴ ነው። እናቴ ስልኩን ይዛ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እኔ ወጥ እያማሰልኩ የምትስቀውን እቆጥራለሁ።

እንግዲህ ጋሽ ተስፋዬ የደወሉ ቀን ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ቀስ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ግን ፊቴን አይታ «ሉባባ ናት?» አለች። ጮኻ አላለቀሰችም፤ ለጩኸት የሚሆን ትንፋሽ የላትም። አንገቷን እየነቀነቀች እንባዋ በቱቦው ላይ ወረደ። አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲህ አላየኋትም። ብዙ ሰዓት እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሌላ ቀን እንደማልናገረው ስለገባኝ ተናገርኩት። ሰብለን፣ ካውያ ክፍሉን፣ «በደንቡ ይሁን» ያልኩትን፣ ሁሉንም።

እናቴ ዓይኗን ጠረገች። «አውቃለሁ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«እሷው ናታ። ፀጉር ቤት የገባን ዕለት። ያ ሱፐርቫይዘር ‹ጎረቤትሽ ናት የተናገረችው› ብሏታል።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች፣ አለቀሰች። ‹ሁለተኛ ዓይኗን ማየት አልፈልግም› ብላ ነበር። ሰደበችሽም። ሲበርድላት ደግሞ ‹እንዳወቅሽ እንዳታሳዪያት፤ እኔ ለወትሮውም እናቷ ላይ ተጠግቼባታለሁ። ራሷ እስክትነግርሽ ጠብቂ› አለችኝ። ይኸው ጠበቅኩ።»

ሦስት ዓመት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ያውቁ ነበር። የእኔን ገመና ተካፍለው፣ ዓርብ ዓርብ በስልክ እየሳቁ፣ እኔ ማዕድ ቤት ቆሜ።

«ትቀኚባት ነበር አይደል?» አለችኝ እናቴ።

«አዎ።»

«አሁንስ? ሞታ እንኳ?»

«አሁንም» አልኳት። ልዋሻት አልቻልኩም።

እናቴ ቱቦዋን አፍንጫዋ ላይ አስተካከለች። «ነገ ለቅሶ ስንሄድ ለሙኒራ ንገሪያት። ለእኔ መናገርሽ ቀላሉ ነው» አለች።

በማግስቱ ሲሊንደሩን ይዘን አራብሳ ሄድን። ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ነበር፤ ለእናቴ ግድግዳ ጥግ ፍራሽ ላይ ቦታ ለቀቁላት፣ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሙኒራን ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ጊዜ ነው ያየኋት። ስድሳን ያለፈች፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ሰዉ ሲቀል መጥታ ፊታችን በርከክ አለች። እናቴ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አለቻትና እኔን ጎሸም አደረገችኝ።

«እትዬ ሙኒራ፣» አልኩ፣ «እኔ መሠረት ነኝ። ሉባባ ከሆቴሉ ሥራ የወጣችው በእኔ ምክንያት ነው።» አላሳመርኩትም። ቀንቼ እንደሆነም ነገርኳት።

ሙኒራ ሰምታ ስትጨርስ ግንባሯን ቋጠረች። «እሷ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«ለእኔ ‹ሰለቸኝ፣ ተውኩት› ነው ያለችኝ። እንዴት ደህና ሥራ ትተያለሽ ብዬ ወር ሙሉ ተጣላኋት፤ ቤቴ እንዳትመጣ አደረግኩ።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «ለእርስዎ ግን ነግራዎታለች?»

«ነግራኛለች» አለች እናቴ በቀስታ።

ሙኒራ አላለቀሰችም። እኔንም አልተቆጣችኝም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝ። እኔ መኖሬንም የረሳች መሰለኝ። ያሳደገቻት እሷ ናት፣ ያጠባቻት ሁሉ እሷ ናት ማለት ይቻላል፤ አሁን ግን የእህቷን ምስጢር ይዛ በተቀመጠች በባዕድ አሮጊት ላይ ዓይኗን ተክላ ቀረች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። በካውያ ክፍሉ በር ክፍተት ያየሁበት ዓይን ነው።

«ምን ምን ነበር የምትነግርዎት?» አለች ድምጿ እየሻከረ። «ስለ እኔ ታነሳ ነበር?»

እናቴ አፏን ከፈተችና ትንፋሽ አጠራት። ሲሊንደሩን ትንሽ ጨመር አደረግኩላት። ከዚያ ከፍራሹ ላይ ተነሳሁና «እዚህ ይቀመጡ፣ ድምጿ ሩቅ አይሰማም» ብዬ ቦታዬን ለሙኒራ ለቀቅኩላት።